ሰባቱን ያስወጣው ወጣት

ከአዳማ ወደ ደራ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት አዛውንት የጎናቸውን ወጣት ላፕቶፕ እያዩ ጠየቁ።

«ቅድም ሲንቀራፈፍ የነበረውን ጨዋታ ምን አፈጠነው?»

«የድሮ ጌም ነው አባባ። ፕሮሰሰሩ ስምንት ኮር አለው፤ ስምንት ሠራተኛ ይበሉት። ጌሙ የለመደው ግን አንድ ሠራተኛ ነው። ስምንቱ ሲቀባበሉት ግራ ይገባዋል።»

«እና?»

«ሰባቱን ከጌሙ አስወጣኋቸው።»

«ዝም አሉህ?»

«ዕቃ ምን ይላል አባባ?»

«የእኛም እድር ኮሚቴ ስምንት ነው። ባለፈው ድንኳኑ የት ይተከል ስንባባል፣ ሬሳው ተቀብሮ ለቀስተኛው ተመለሰ።»

«ታዲያ ማን ብቻውን ይሥራ?»

«እኔ ነኛ፣ ሊቀመንበሩ! ሰባቱን ዛሬውኑ ስብሰባው ላይ አስወጣቸዋለሁ።»

ከሰባቱ አንዷ ነኝና ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ድረስ ተከናነብኩ።