ሦስተኛው ዘፈን ውስጥ ያለው ሳል

ግባ ልጄ፣ ግባ። ጫማህን አታውልቅ፣ ይሄ ወለል ጭቃ ለምዷል። መንገዱ እንዴት ነበር? ድልድዩ ጋ ውሃው ጎድሏል አይደል? ደህና። ዘንድሮ ዝናቡ በጊዜው ወጣ። ሣሩ ጥሩ ነው፣ ላሞቹም ደህና ይታለባሉ። ያቺን ወንበር ሳብና ተቀመጥ። የቀረውን የመቅረጫ ዕቃህን ልትወስድ እንደመጣህ ነግረውኛል። ሽቦውም ማይክሮፎኑም እንደተውከው እህል ቤቱ ውስጥ አለ። እጄን አላሳረፍኩበትም።

እሳቸው በረንዳው ላይ ናቸው፣ ጊታራቸውን እየቃኙ። ስትገባ አየሃቸው አይደል? እኔ እንኳ ድሮ በስማቸው ነበር የምጠራቸው። እዚሁ ቤት ነው የተወለዱት፣ የበኩር ልጄ ናቸው። አሁን የሕዝብ ሰው ሆነዋል ሲሉኝ አንቱ ማለት ጀመርኩ። የወለዱትን ሰው አንቱ ማለት መጀመሪያ ላይ ለምላስ ይከብዳል… ኋላ ይለመዳል።

ሬዲዮው ይሄ የመጨረሻ አልበማቸው ነው ይላል። ከዚህ በኋላ ስቱዲዮ አይገቡም አሉ። ጋዜጠኛዋ ስትጠይቃቸው ድምጿ ተቆራረጠ። ሰው የሚያቆምበትን ማወቁ ትልቅ ነገር ነው። የመጨረሻዬ ነው ብሎ በሬዲዮ ተናግሮ፣ ተለቅሶለት፣ ከዚያ ምሳውን በልቶ ጋደም ማለት… መታደል አይደለም? ለሌላው ሰው የመጨረሻው መሆኑን ማን ይነግረዋል? ቅዳሜ ለምረቃው የፊት ወንበር ይዘውልኛል። መድረክ ላይ ወጥቼ እንድመርቃቸው ነው የመጡት። ያለ አባት ምርቃት አልበሙን አላወጣም ብለዋል። ሥርዓት ያውቃሉ።

ትናንት አሰሙኝ። ማዳመጫውን በገዛ እጃቸው ጆሮዬ ላይ ደፉልኝ። እኔ አራተኛ ክፍልን ያልጨረስኩ ሰው ነኝ፣ በሙዚቃ አልፈርድም። የባላገር ዜማ ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ሲሆን ፎክ ሮክ ይባላል አሉኝ። ይባል። ግጥሙ ግን ገባኝ። የወተት ባልዲው አለ፣ የጠዋቱ ውርጭ አለ፣ የበረቱ ሽታ ሳይቀር አለ። ይህን ሁሉ ከመስኮት አይቶ ማወቅ ተሰጥኦ ነው። እኔ ባልዲውን ተሸክሜ ነው ያወቅኩት፣ ዘገምተኛ ስለሆንኩ። የአልበሙ ስም ደግሞ «ከእናቴ ጎን»። ደስ አይልም?

ሲቀረጽ አንተም ነበርክ። የምነግርህ ያየኸውን ነው፣ አትሰልች። እውነተኛ ድምፅ የሚገኘው በተወለድኩበት ቤት ነው ብለው በሁለት መኪና ይዘዋችሁ መጡ። እህል ቤቱ ለድምፅ ተስማማ ተባለ። ዘሩን አውጥተን በረት ውስጥ አኖርነው። ሻገተ። ግድ የለም፣ ዘር ይሻግታል። የውሃ ሞተሩ ይረብሻል ተባለ፣ አጠፋሁት፣ ለከብቶቹ በባልዲ ቀዳሁ። ውሻው ይጮሃል ተባለ፣ ጎረቤት ወስጄ አሰርኩት። ዶሮዎቹም ተዘጋባቸው። ይህን ሁሉ ያደረግነው ለምን ነበር? የገጠሩ ድምፅ በደንብ እንዲሰማ።

ከዚያ ግድግዳው እንዳያስተጋባ ብርድ ልብስ ተፈለገ። በቤቱ ያለው ሁሉ ተሰበሰበ። ባለቤቴ ታማ የተኛችበት አልጋ ላይ ያለውም። ቀዩ። ግድግዳው ላይ የቸነከርከው አንተ ነህ። አልወቅስህም፣ ታዘህ ነው። እሷም «ውሰዱት፣ አይበርደኝም» ብላለች። እውነቷን ይሆናል። እኔ ማታ እግሯን ስነካው ነው የበረደኝ።

የእሷ ክፍልና እህል ቤቱ የሚለያዩት በአንድ ሳንቃ ነው። ሳል ደግሞ ነበረባት። የቀረጻው ቀይ መብራት በራ፣ ዝም በሉ ስትሉን ትራሱን አፏ ላይ ትይዝ ነበር። አጠገቧ ነበርኩ። ፊቷ ይጠቁራል፣ ዓይኗ ያነባል፣ ወዲያ ማዶ እሳቸው «እማዬ፣ እስትንፋስሽን ልስማ» እያሉ ይዘፍናሉ። እንዴት ያለ ግጥም ነው…

አንድ ቀን አመለጣት። ሌላም ቀን አመለጣት። እሳቸው አልተቆጡም፣ ይህን እመሰክራለሁ። ገብተው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እጇን ይዘው በዚያ በለሰለሰ ድምፃቸው «እማዬ፣ ይሄ እስኪያልቅ ከተማ እህቴ ጋ ብትሰነብቺ» አሏት። እኔ ይሄን በለሰለሰ ድምፅ ማለት አልችልም። ጉሮሮዬ ሻካራ ነው። እሷ እሺ አለች። የሄደችው በአንተ መኪና አይደል፣ በሽቦው ጥቅል መሃል ተቀምጣ?

ማታ ማታ ከከተማ ትደውልልኝ ነበር። «አልበሙ አለቀ?» ትለኛለች። ገና ነው አሉ እላታለሁ። «ግድ የለም፣ ተረጋግቶ ይሥራ» ትለኛለች። ስለ ሕመሟ ስጠይቃት ስለ ላሞቹ ትጠይቀኛለች። እኔም ሞተሩ ጠፍቶ ከብቱን በማን ላይ ጥዬ እሄዳለሁ? አለቀ የተባለ ዕለት ላመጣት ልብሴን ለበስኩ። ሴቷ ልጄ ቀድማ ደወለች።

ከቀብር መልስ እሳቸው አንድ ዘፈን ጨመሩ። የመጨረሻው አልበም የመጨረሻ ዘፈን። «ዓይንሽን ከደንኩልሽ» የምትለዋን። ቀድሞ የሰማ ሁሉ የሚያለቅሰው በእሷ ነው አሉ። ዓይኗን የከደነችላት እህታቸው ናት። ግን እሷ ዜማ አትችልም፣ ምን ታድርግ?

…ጊታሩ ዝም አለ። ሰማህ? ክሩ ተበጥሶ ይሆናል። አትነሣ፣ ተቀመጥ። ተለዋጭ ክር ሳይዙ ከቤት አይወጡም።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ትናንት። ሳዳምጥ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ደረስኩ። መሃሉ ላይ ከበሮው ያርፋል፣ ጊታሩ ያርፋል፣ እሳቸው ትንፋሽ ይወስዳሉ… እዚያ ላይ አለች። ከሳንቃው ወዲያ፣ ታፍና፣ ከትራሱ ሥር። አንዲት ሳል። ሌሎቹን ለቅማችሁ አውጥታችኋል፣ ይቺ አምልጣችኋለች። ሌላ ሰው አይሰማትም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከጎኗ ተኝቻለሁ።

ይህን ዘፈን መልሰው ያሰሙኝ አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ወደድኩት መሰላቸው። ደጋግመው አሰሙኝ፣ ራሳቸውም ሌላ ማዳመጫ ሰክተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አብረውኝ አዳመጡ። እዚያ ላይ ማን ነው የሳለው አልኳቸው። ድምፁን ከፍ አድርገው አዳመጡ። አሁንም አዳመጡ። ጆሯቸው የታወቀ ነው፣ አንድ ክር ሲላላ ከሩቅ ይለያሉ ይባላል። ከዚያ ምን አሉኝ መሰለህ?

«ከበሮ መቺው ይሆናል።»

ከበሮ መቺው… ይሁና። እሳቸው ካሉ ማን ይከራከራል? ዛሬ ጠዋት በረንዳው ላይ ሆነው ሲደውሉልህም ሰምቻለሁ። ሦስተኛው ላይ ቆሻሻ ድምፅ ቀርቷል፣ ዛሬውኑ አጥፋው ሲሉህ። አንገትህን አትድፋ ልጄ። አታጥፋው አላልኩህም። እንጀራህ ነው፣ አሠሪህ ናቸው። ለሕዝቡ ንጹሑን ስጠው፣ ሕዝቡ ምን በድሎ ሳል ይሰማል?

እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ያ ይዘኸው የመጣኸው ማሽን እሷን አጥፍቶ እሳቸውን ማስቀረት እንደሚችል አይቻለሁ። ተገላቢጦሹንስ ይችላል? ከበሮውን፣ ጊታሩን፣ ዘፋኙን ሁሉ አጥፍቶ እሷን ብቻ ማስቀረት? ዘፈኑ የቆመባት ቦታ ላይ እኮ ናት፣ ብዙም አያለፋህም… ይችላል? እሰይ። እሷን ስልኬ ላይ አድርግልኝና ሂድ። ከሁሉም ነገር በፊት እሷን። ስትወጣም ቀዩን ብርድ ልብስ አውርድልኝ። ሚስማሩን ቀስ ብለህ ንቀል፣ እንዳይቀደድ።

ቅዳሜ አልመጣም። ላሞቹን ማን ያልብልኛል? ደግሞም እኔ መድረክ ላይ ቆሜ አላውቅም፣ ሳል ቢመጣብኝስ? ምርቃቱን ግን አልነፍጋቸውም፣ ለእሱ ብለው ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጡት። ከዚሁ ልመርቅ። አንተ ታደርስልኛለህ… በሩ ላይ ጥላ ያለ መሰለኝ። ተወው፣ ይቁም። ምርቃት ቆመው ሲቀበሉት ጥሩ ነው።

ዕድሜ ይስጣቸው። ከእኔም ከእሷም ያስረዝምላቸው። ልጆቻቸው ይባረኩ፣ የልጆቻቸው ድምፅ ከእሳቸው የበለጠ የሚያምር ይሁን። ዘፈን የሚወጣበት ሰፊ ቤት ይስጣቸው። እሳቸውም እርጅና ሲመጣ እዚያው ቤት ውስጥ ይኑሩ። ልጆቻቸውም እሳቸው እናታቸውን እንደወደዱ፣ ልክ እንደዚያ አድርገው ይውደዷቸው።

አሜን በል እንጂ፣ ልጄ።