ከዘነበ እስከ ሀብታሙ
በጃንሆይ ጊዜ ኮልፌ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስማር፣ የዩኒቨርሲቲ ምርጫችንን የሚሞላልን የትምህርት ቤቱ አማካሪ ነበር። ቢሮው እያስገባ በስማችን የሀሁ ተራ ይመክረናል። እኔ ዘነበ ነኝ። ተራዬ ሲደርስ ሕክምና እንደምፈልግ ነገርኩት።

«የሕክምናው ቦታ በቀለ ላይ አለቀ። እርሻ አለ» አለኝ።

«ጋሼ፣ ከክፍሉ አንደኛ ነኝ እኮ። ውጤቴን አላዩትም» ስለው፣ «እሱን እዚያ ያዩልሃል» ብሎ እርሻ ጻፈ። የሀሁ ተራ ፍትሕ የለውም ብዬ ማመልከቻ አስገባሁ። መልስ አልመጣም።

በዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ሀብታሙ ሕክምና ሊያስሞላ ገባ። አማካሪው ማመልከቻዬን ከመሳቢያው አውጥቶ አሳየው።

«የወንድምህ አቤቱታ ተቀባይነት አግኝቷል። ዘንድሮ የጀመርነው ከመጨረሻው ነው» አለና እርሻ ጻፈለት።

ሀብታሙ እስከ ዛሬ የሚወቅሰው አማካሪውን አይደለም።