ኔትወርክ እስኪመጣ

ፌቪ፣ ተቀመጪ እንጂ፤ ምን ያስቸኩልሻል? የዚህ የሲቀላ ሰፈር ሙቀት ዛሬስ ብሷል... ማንጎ ልላጥልሽ? ስልክሽን መነካካቱን ተዪው፤ ኔትወርኩ ከትናንት ማታ ጀምሮ እንደጠፋ ነው። ላይ ሴቻ ሰፈርም የለም አሉ። የፈጠራ ውድድሩ አዳራሽ ውስጥ ያሉት ተወዳዳሪዎች እንዴት ይሆኑ ይሆን?

ስም አልጠራም እንጂ፣ አንዱ አያሳስበኝም። የሱ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። አንድ ቤት ስለምታድሩ አንቺም ሳታዪው አትቀሪም... የሸማ ጥለት መንደፊያውን መተግበሪያ። አባቴ እንኳ የሽመና መወርወሪያውን አስቀምጦ ስክሪኑ ላይ ቤት ቤቱን በጣቱ ሲቀባበት፣ ስንት ክር እንደሚፈጅ ሲነግረው፣ ብቻውን ይስቃል። ለአባቴ ብዬ ነበር የሠራሁት። ነበር...

ያ ስሙን የማልጠራው ስልኩ ላይ እንዴት እንዳስገባው አይተሻል? እኛ ሞኞቹ ብሮውዘር ከፍተን አድራሻ እየጻፍን ነበር የምንገባው። አድራሻው ላይ ደግሞ «ሜሮን» የሚል አለበት፤ ስሜ እንደሆነ እኔም ረስቼው ነበር። እሱ ግን ሦስቷን ነጥብ ነካ፣ «መተግበሪያን ጫን» የሚለውን ተጫነ፣ አለቀ! ምስሉ ከቴሌግራም ጎን ተሰለፈ፤ አድራሻው ከላይ ጠፋ። ይህን ሁሉ ሥራ በአንድ አውራ ጣት! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። እሱ ጨዋ ነው፣ አጥር አልነቀነቀም... በሩ ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ ነው የሸፈነው።

ደግነቱስ? «አንቺ ሰው ፊት ስትቆሚ ድምፅሽ ይጠፋል፤ እኔ አስመዘግብልሻለሁ» ብሎኝ በዚያ ፀሐይ ሴቻ ወጣ። አስመዘገበ። ታዲያ «የማን ሥራ ነው?» ሲሉት የማንን ስም ይበል? በደንብ የሚያውቀውን ነዋ! በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይሉ ነበር... ዝንብ ባይገባ ሌላ ሰው ገብቶ ይናገርበታል ለካ።

ለአንደኛው ላፕቶፕ ነው አሉ። ይገባዋል። እኔ ምን ይሠራልኛል? በጓደኛዬ በአቢጋኤል ኮምፒውተር፣ እሷ «በቃሽ» እስክትለኝ ድረስ መሥራት ለምጃለሁ።

ልምምድ ላይ «ያለ ኔትወርክ እንዴት ሠራ?» ሲሉት «ስልኬ ውስጥ ያለ ነዋ፣ የራሴ ነው» አለ አሉ። እንዴት ያለ መልስ! እንግዲያው የጫሞን ሐይቅ በስልኩ ፎቶ ያነሳ ሰው፣ ዓሣውን ሁሉ ይዞ ቤቱ ገባ ማለት ነው?

አንድ ነገር ብቻ ሳልነግረው ቀረሁ፤ እሱም አልጠየቀኝ። እንዲህ ያለው ነገር ስልክ ላይ ቢጫንም ቤቱን አይረሳም። ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር ወደ ሠራችው ልጅ ብቅ ብሎ፣ አዲስ ነገር ካለ ይዞ ይመለሳል። ትናንት ኔትወርኩ ሳይጠፋ የመክፈቻውን ገጽ ትንሽ አሳመርኩት። ያን ጊዜ እሱ ሸሚዝ ሲያስተኩስ ነበር፣ ስልኩን አልከፈተም አላልሽኝም? ትንሽ ነው የነካሁት... ስሜን በትልቁ፣ አባቴን ከነሸማው። ከሥሩም «ሴቻ ድረስ ሄዶ ያስመዘገበልንን እናመሰግናለን» ብዬ የሱን ስም ጻፍኩ። ውለታ ይረሳል እንዴ?

ምነው ተነሳሽ? ተራው ከምሳ በኋላ ነው ብለሽኝ የለ? ቁጭ በዪ፤ በዚህ ሰዓት ሚኒባሱ እስኪሞላ አትደርሺም። ማንጎውን ብዪ እንጂ...

እኔ ክፉ አልመኝለትም። አዳራሹ ይሙላለት። ግድግዳው ላይ ያለው ትልቁ ስክሪን ጥርት ይበልለት። አምላክ እኔን የነሳኝን ድምፅ ለሱ አብዝቶ ይስጠው። ልክ ስልኩን ከፍቶ «እዩልኝ ሥራዬን!» ሲል ደግሞ፣ አምላኬ ሆይ፣ ኔትወርኩን ሙሉ አድርገህ ላክለት።

አሜን በዪ እንጂ ፌቪ... የእናትሽ ልጅ አይደል?