የጎረቤቴ በሬዎች

ከፒያሳ ወደ ስድስት ኪሎ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ከገበያ የገዙት ጥቅል ገመድ እግሬ ስር ተቀምጧል። አጠገባቸው ያለች ልጅ ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ በሬ አለዎት እንዴ?»

«በሬዎቹ የጎረቤቴ ናቸው። ለሱ ነው የገዛሁት።»

«ምን አድርጎልዎት?»

«የሴፍቲኔት እርዳታ ሊመዘግቡ የመጡ ቀን በሬዎቹ የኔን ማሳ ሲያርሱ ውለው እኔ ግቢ ታስረው ነበር። በሬ ያለው አይካተትም ብለው እኔን ተዉኝ፤ የሱን ግቢ ባዶ ሲያዩ እሱን ጻፉት።»

«ውይ! ዝም አለ?»

«ምን ዝም ይላል! ስሙ በስብሰባ ሲነበብ ተነሳና፣ ‹በሬዎቹ የኔ ናቸው፤ የኔን ስም ሰርዙና የሷን ጻፉ› አለ። እኔን ጻፉኝ፤ ዕድሜ ይስጠው።»

«ታዲያ አሁን ማን ያርስልዎታል?»

«እሱው ነዋ!»

ገመዱን ከእግሬ ስር አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።