ከሳጥኗ ጋር የተጫወተችው ምሕረት

ቀረብ በሉ ልጆቼ። ጊዜው ጥር ነበር፣ የሰርግ ወቅት፤ የልጅ ልጄ ምሕረት ተበላ ከተማ ሰርግ ላይ ልትጫወት ስትሄድ እኔም ተከተልኳት። ኪቦርዱን በገመድ የሚጫኑ ቁልፎች ካሏት አንዲት የኤሌክትሪክ ሳጥን ጋር አገናኘችው። እሷ ሳጥኗ ውስጥ ያስገባችውን ዜማ ኪቦርዱ በብዙ ድምፅ ያወጣዋል። የሙሽራው አጎት ብድግ ብሎ፣ «እጇ ኪቦርዱን አልነካም! ካሴት ነው፣ ትውረድ!» አይልም? ደሜ ፈላ። ሳምንት ሙሉ ያንን ዜማ አንድ በአንድ ስታስገባ አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ!

«አንተ ሰውዬ፣ እስቲ እናትህ የምትዘፍነውን አዚም፤ ካሴት ላይ ካለ እናያለን!» አልኩት። አዜመ። ምሕረት ሳጥኗን ጠቅ ጠቅ አደረገች፤ ኪቦርዱም የእናቱን ዘፈን ከነተቀባዩ አወጣው። ሰው በእልልታ ተነሳ። እሱ ግን «ያው ማሽኑ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ማሽኑ እናቱን የት ያውቃታል?

ዛሬ ሙሽሮቹ ሦስት ወልደዋል። ምሕረት ሶዶ ላይ ሙዚቃ ታስተምራለች። ሰውዬው ሞቷል፣ ነፍሱን ይማር፤ ይቅርታ ግን አልጠየቃትም።