ቀኙ የኔ ዘርፍ አይደለም

እማማ፣ እንዴት ዋሉ? እግርዎስ ተሻለዎት? እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ትራስ ከጀርባዎ ላድርግልዎት... እንዲህ። ሻዩ እስኪፈላ ትንሽ እንጫወት። ልጄና እናቷ ጓዳ ናቸው። ልጅዎም ያው መስኮቱ ሥር ጋዜጣውን ይዞ ተቀምጧል፤ እሱን አንረብሸው። የተሰበሰብንበት ነገር የትም አይሄድም፤ ልጅቷ ነገ ኮሌጅ ትመዘገባለች፣ ምን እንደምትማር ደግሞ እርስዎ ዛሬ መርቀው ይወስኑልናል። አጎቷ ያለው ይታወቃል፣ እሷ የምትለውም ይታወቃል። እሱን ከሻዩ ጋር።

ድምፄን ከፍ የማደርገው ለእርስዎ ብዬ ነው። ቀኝ ጆሮዎ ከተደፈነ ወዲህ እኮ ሹክሹክታ የሚባል ነገር ከቤታችን ጠፋ። በግራዎ በኩል ልጠጋ... አሁንስ ይሰማል? እሰይ። ሌላ ሰው ከሰማ ደግሞ የኔ ጥፋት አይደለም።

ምን ልልዎት ነበር... አዎ! አንድ የማውቀው ሐኪም አለ። እርስዎ አያውቁትም፤ ሩቅ ነው የሚኖረው። ልክ ልጅዎ ዛሬ እንደለበሰው ያለ ግራጫ ኮት አለው፤ ግን በዓለም ላይ ስንት ግራጫ ኮት አለ! መነጽሩንም ልክ እንደዚያ ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቤቱን ሙሉ ይፈልገዋል። የሰውና የሰው መመሳሰል መቼም ይገርማል።

ምን ዓይነት የተማረ ሰው መሰለዎት! እኔ ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ የተማረ ሰው ሳይ ከመቀመጫዬ እነሳለሁ። ሌላው ሐኪም መላውን ሰው አጥንቶ ይመረቃል። ሆዳም! እሱ ግን ትሑት ነው፤ ጆሮን ብቻ መረጠ። ጆሮ ሁለት መሆኑን ሲነግሩት ደግሞ “በዛ” አለ። ግራውን ይዞ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ቀኝ ዞሮ አያውቅም። መንገድ ሲሻገር እንኳ የሚያሻግረው እግዚአብሔር ነው...

ሙያ በልብ ነው ይላሉ። የሱ ሙያ በግራ ነው። ልብም በግራ በኩል ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ግን ልብ ለሌላ ሐኪም ነው የተመደበው አሉ። በሰው ክፍል መግባት ደግሞ ነውር ነው።

ይህ ሰው እናት አሉት፤ እንደ እርስዎ ያሉ፣ ከአፋቸው ክፉ ቃል የማይወጣ። ታዲያ ቀኝ ጆሯቸው ተደፈነ። ምን ጨነቃቸው? ሐኪም ወልደዋል! መብራቱን ግንባሩ ላይ አስሮ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀና ብሎ አሰበ፣ ደግሞ አየ። “እማ፣ ግራሽ እንከን የለውም” አላቸው። “ልጄ፣ የደነቆረብኝ ቀኙ ነው” አሉት። “ቀኙ የኔ ዘርፍ አይደለም” አለ። በሳምንቱ ሳይጠሩት ተመልሶ መጣ፤ ደግነቱ! ግራውን አየ። አሁንም ደህና ነው። እሳቸውም በደህናው ጆሯቸው የደህናውን ጆሮ ብሥራት ሰሙ። እንዲህ ያለ ልጅ ማን አለው? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ለአብራክ ልጅም ባዳ እንደሚሆን ግን ቅርብ ጊዜ ነው የተማርኩት። ይሳቁ እንጂ፣ እማማ... ስለ እርስዎ እኮ አይደለም።

ቤቱም የሚተዳደረው በዚሁ ሕግ ነው። ቧንቧ ፈነዳበት። ሠራተኛ ሲያስጠራ እንደ ራሱ የጠለቀ ሰው አስመረጠ፤ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ብቻ የሚያውቅ። የፈነዳው የቀዝቃዛው ነበር። ሁለቱ አዋቂዎች ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው፣ አንዱ የሌላውን የሙያ ወሰን እያመሰገነ፣ ሲከባበሩ ዋሉ። በመጨረሻ ተንሳፍፎ ወደ በሩ የሄደው ሶፋው ነው። ሶፋ መቼም አይማርም፤ በመጣለት በኩል ነው የሚሄደው።

ያ ሁሉ ይቅር። የለቅሶውን ልንገርዎት። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ አረፈ፣ ነፍሱን ይማርና። ከዚህ ሐኪም ጋር አፈር ፈጭተው፣ ውሃ ተራጭተው ነው ያደጉት። ሚስትየዋ እንባዋን እየጠረገች፣ “አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ስለ ጓደኛህ አንድ ቃል በልልኝ” አለችው። ተነሣ። ኮቱን ቆለፈ። እኛም አንገታችንን ደፋን።

“ሟቹ...” አለ። ሁላችንም ጠበቅን። “...ግራ ጆሮው እንከን አልነበረበትም።”

ገና መጀመሩ መስሎን ነበር እኮ! “ታምቡሩ ዕንቁ የመሰለ፣ ቀዳዳውም ቀጥ ያለ ነበር። እህቴ፣ ተጽናኚ” ብሎ ተቀመጠ። ሴትዮዋ እንባዋ ቀጥ አለ። ታዲያ ማጽናናት ይህ አይደል? ሰው ግራ ሲገባው ማልቀስ ያቆማል። ጎረቤቶቿ እንኳ እርስ በርስ ጆሮ ለጆሮ መተያየት ጀመሩ።

እዚያ ደግሞ አንዲት ልጅ ነበረች። የማን ልጅ እንደሆነች እንጃ... ዓይኗ ብቻ የእርስዎን ይመስላል። ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፣ ኮከብም ትቆጥራለች፣ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ስለ ድሮው ነገር ስትጠይቅ ትውላለች። ብኩን ናት። ይህች ብኩን ተነሥታ ምን አለች መሰለዎት? “እሱ የሰፋልኝ የትምህርት ቤት ልብስ ሁሉ ጫፉ ላይ የታጠፈ ትርፍ ነበረው። ‘ልጄ፣ ታድጊያለሽ’ ይለኝ ነበር። የዚህ ሰፈር ልጆች ያደግነው እሱ ባስተረፈልን ጨርቅ ውስጥ ነው” አለች። ይኸው! በስንት መከራ የደረቀውን እንባ መልሳ አወረደችው። ሚስትየዋ አቅፋት አልለቅ አለች። እኔም... ቀለም ዓይኔ ገብቶ ነበር መሰለኝ። ምን ይደረግ? ያልጠለቀች ልጅ!

ይህች ልጅ የምትመኘው ኮሌጅ መጀመሪያ ላይ አንዱን ብቻ አያስይዝም አሉ። ቁጥሩን፣ ታሪኩን፣ የሰው ልጅ እንዴት እንደሚያስብ፣ የሕዋን ነገር፣ ድርሰቱን ጎን ለጎን ያስተምራል። ሐኪም መሆኑን አልተወችም፤ ይህን ሁሉ ይዛ ነው ወደዚያ የምትሄደው። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ “አባዬ፣ አንዱ ትምህርት ሌላውን ይጠይቀዋል። ብቻውን ያለ ትምህርት ጠያቂ የለውም። እኔ ጆሮውንም ባለ ጆሮውንም ማወቅ እፈልጋለሁ” አለችኝ። አባዬ አልኩ እንዴ? አባቷን ነው ያለችው፣ አባቷን። እኔ እንደው በዚያ ሳልፍ ሰማሁ።

አጎቷ ግን፣ ለካ ያ ሐኪም አጎቷ ኖሯል፣ “ጊዜ ማባከን ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ግራ ጆሮ ትግባ” ብሎ ፈረደ። ክፍሉን ሊያወርሳት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ እሱ አንዷን ክር ይዞ ቁጭ ብሏል፣ አንበሳው መጥቶ ግራ እግሩን እስኪያነሣለት። እናቷም ወንድሟን እንደ ታቦት ነው የምታየው፣ ትፈራዋለች። እሱን አልፎ የሚሰማ ቃል ያለው አያቷ አፍ ላይ ብቻ ነው። ምስኪን አያት! የልጅን ልብ ላለመስበር ብለው የልጅ ልጅን ዕድሜ ሙሉ አንድ ቀዳዳ ሲያሳዩዋት ይታይዎታል? እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?... ዝም ብዬ ነው የምጠይቅዎት።

እኔ ማታ ስጸልይ ያሰብኩት ነገር አለ። ፈጣሪ በመጀመሪያው ቀን ብርሃንን ፈጠረ፤ መልካም እንደሆነም አየ። እዚያው ላይ “እንግዲህ እኔ በብርሃን ነው የሠለጠንኩት፤ ውሃው የኔ ዘርፍ አይደለም” ቢል ኖሮስ? ደምቀን እንጠማ ነበር! ኧረ ለመጠማትስ መቼ እንፈጠር ነበር? እሱ ግን ባሕሩንም፣ ሣሩንም፣ ዓሣውንም አየና ሰውን መጨረሻ ላይ አመጣው። ሁሉን ካየ በኋላ። ሁለት ጆሮ ሲሰጠንም በአንድ ራስ ላይ አደረጋቸው፤ መሐላቸው ላይ ምን እንዳስቀመጠ... እሱን እንኳ የተማረ ይንገረን።

ጋዜጣው ሳይገለጥ ቆየ አይደል? የቀኙን ገጽ የሚያነብለት ሰው እየጠበቀ ይሆናል። አይ፣ ልጅዎን ማለቴ ነው፤ ስለዚያኛው እኮ አላወራሁም።

ይኸው ሻዩ መጣ፤ እሷው ናት የያዘችው። ነይ ልጄ፣ አስቀምጪውና አያትሽ እግር ሥር ተንበርከኪ። እማማ፣ ቃልዎ የእርስዎ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ፣ ቀለም ቀቢ ነኝ... ሁለቱንም እጅዎን ራሷ ላይ አሳረፉ? ግራውንም ቀኙንም? አሜን! አሜን! ተነሺ ልጄ፣ ነገ በጠዋት ሄደሽ ተመዝገቢ፤ ያሻሽን ሁሉ ተማሪ። ጋዜጣም ታጠፈ፣ እሰይ።

እንግዲህ ምርቃት ለአንድ ሰው ብቻ አይደረግም፤ ያንን ሩቅ ያለውን ሐኪምም እንመርቀው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ዕድሜውን ያርዝምለት። ስሙን ያስጠራለት። ልጆቹ ደጁን አይርሱት። አርጅቶ አንድ ቀን ከአልጋ የዋለ እንደሆነም፣ ጌታ በቸርነቱ አይተወው... ልክ እንደ ራሱ ያለ ሐኪም፣ ልክ እንደ ራሱ ያለ ልጅ አልጋው አጠገብ ያቁምለት። አሜን ይበሉ፣ እማማ።