ሻንጣውን ማን ይያዝ?

(ዘመኑ 1945 ዓ.ም. ነው። በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል በምትገኝ ትንሽ ከተማ ሁለት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በዝናብ ከባቡር ጣቢያው ደጃፍ ቆመዋል፤ በአንዱ በር ላይ «ለነጮች»፣ በሌላው ላይ «ለጥቁሮች» ተብሎ ተጽፏል።)

አምኃ፦ ምን ይገትርሃል? ሻንጣዬን ያዝና ከኋላዬ ና አልኩህ እኮ!

ተካልኝ፦ ለምን ከኋላህ?

አምኃ፦ እኔ ካባዬን ደርቤ የውጭ አገር መስፍን ነኝ እላለሁ፤ አንተ አሽከሬ ትሆናለህ። ባለፈው ጊዜ ብቻዬን ሞክሬው በነጮቹ በር ጎንበስ ብለው አስገብተውኛል።

ተካልኝ፦ እህትህን ስጠኝ አልኩህ እንጂ አሽከር አድርገኝ አልኩህ?

አምኃ፦ የእህቴን ነገር አሁን ተወው። ዝናቡ አበሰበሰን!

ተካልኝ፦ ሁልጊዜ «ተወው» ነው። በጣሊያን ጊዜ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤቱ ደጅ እንዲህ ለይተውን ነበር። ፋሺስቶቹ ይህን ከማን ተማሩት እል ነበር፤ ለካስ እዚህ ቀድመዋቸዋል።

አምኃ፦ የዚህን አገር ጥቁሮች የለዩዋቸው የባሪያ ልጆች ስለሆኑ ነው። እኛን አይመለከትም።

ተካልኝ፦ እኛ ስትል እነማንን ነው?

አምኃ፦ አቤት ነገር ስትሰነጥቅ!

ተካልኝ፦ እሺ፣ ካባውን ለእኔ ስጠኝ። ሻንጣውን አንተ ያዝ።

አምኃ፦ አያምርብህም... ማለቴ፣ አያምኑህም።

ተካልኝ፦ ነጮቹ? ጎን ለጎን ብንቆም ጌታውን ከአሽከሩ የሚለይ ነጭ አለ?

አምኃ፦ ኧረ በናትህ! አንተ ታውቅበታለህ ብዬ ነው።

ተካልኝ፦ ከየት አውቄው? አባትህ ለጋብቻ ጥያቄዬ መልስ ልከዋል አይደል?

አምኃ፦ ይኼ ደጅ ላይ ቆሞ የሚወራ ነው?

ተካልኝ፦ ልከዋል ወይ?

አምኃ፦ ዘርህን አስጠይቀው ነበር። አያቱ በገንዘብ የተገዙ ባሪያ ናቸው አሏቸው። እኔ ምን ላድርግ? እኔማ እንደ ወንድሜ ነው የማይህ።

ተካልኝ፦ ሻንጣ የሚሸከም ወንድም! በል፣ ሻንጣህን ራስህ ያዝ።

አምኃ፦ ወዴት ነው? ተካልኝ! እሱ የጥቁሮቹ በር ነው እኮ!

ተካልኝ፦ አውቃለሁ። የዚህ አገር ነጭ ክፉ ነው፤ ግን እኔንም አንተንም የላከን በአንድ በር ነበር። የለየኸን አንተ ነህ።